የኮንጎ ባለምስማር የእንጨት ምስሎች፦ ስለ ንኪሲ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰውነቱ በምስማርና በስለት የተሸፈነ፣ ሆዱ ላይ መስታወት የተለጠፈበት የእንጨት ሰው በአውሮፓና በአሜሪካ ትልልቅ ሙዚየሞች ውስጥ የተመለከቱ ጎብኚዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ከዚህ በታች የቀረቡት መልሶች በዋናነት የሚመለከቱት የኮንጎ ሕዝብ ንኪሲ የሚላቸውን ሥራዎች ሲሆን፣ በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ንኪሲ ምንድን ነው?

ንኪሲ (ሲበዛ ሚንኪሲ) በኮንጎ ወንዝ የታችኛው ተፋሰስ፣ ማለትም በዛሬዎቹ ኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ ኮንጎ ሪፐብሊክና ካቢንዳን ጨምሮ በሰሜን አንጎላ የሚኖረው የኮንጎ ሕዝብ ከሙታን ዓለም የመጣ ኃይል ያድርበታል ብሎ የሚያምንበት፣ በሥርዓት የተዘጋጀ ዕቃ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ፤ የተጠረበው እንጨት ብቻውን ንኪሲ አይደለም። እንጨቱ መያዣ ነው። ንኪሲ የሚያሰኘው በውስጡ የሚገባው መድኃኒት፣ የሚደረግለት ጥሪና ባለቤቱ የሚጠብቀው ደንብ ነው። ይህን ያልያዘ አንባቢ ቀጥሎ የሚነገረውን ሁሉ የቅርጻ ቅርጽ ጉዳይ አድርጎ ይወስደዋል፤ ነገሩ ግን ከቅርጻ ቅርጽ ይልቅ ለዳኝነትና ለሕክምና የቀረበ ነው።

እነዚህን ምስሎች ጣዖት ማለት ይቻላል?

በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ አገሩ የደረሱት ፖርቱጋላውያንና ከእነርሱ በኋላ የመጡት ሚሲዮናውያን የጠሯቸው እንደዚያ ነው፤ ለብዙ ኢትዮጵያዊ አንባቢም መጀመሪያ የሚመጣለት ቃል ይኸው ሊሆን ይችላል። የኮንጎ ሰዎች ራሳቸው ግን ንዛምቢ ብለው የሚጠሩት ፈጣሪ እንዳለ ያምኑ ነበር፤ ለንዛምቢ ምስል አይቀረጽለትም። ንኪሲ ከፈጣሪ ጋር የሚፎካከር ሳይሆን ለተወሰነ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ለአንድ ዓይነት ሕመም ወይም ለስርቆት፣ የሚጠራ ኃይል ነው፤ ሥራውን ካልሠራ ይተዋል፣ በሌላም ይተካል። ይሰገድለታል ከማለት ይልቅ ሥራ ይታዘዛል ማለት ለእውነቱ ይቀርባል፤ እንዲያውም ንኮንዲ የሚባለውን ዓይነት ለማስቆጣት ሲሉ ይሰድቡትና ፊቱ ላይ ባሩድ ያፈነዱበት ነበር። በሃይማኖት ዓይን ሌላ ፍርድ የሚሰጥ ይኖራል፤ እዚህ የተገለጸው ግን ባለቤቶቹ ነገሩን የሚረዱበት መንገድ ነው።

ምስሉን የሚሠራው ማን ነው?

ሥራው ለሁለት ባለሙያዎች የተከፈለ ነበር። ጠራቢው ከግንዱ ላይ ሰውየውን ወይም እንስሳውን ያወጣል፣ ሆዱ ወይም አናቱ ላይ ክፍተት ይተዋል፣ ድርሻውም እዚያ ላይ ያበቃል፤ በዚያ ደረጃ ምስሉን ማንም ቢነካው፣ ሕፃን ቢጫወትበት እንኳ፣ የሚፈራ ነገር የለውም።

ከዚያ በኋላ ያለው የንጋንጋው ሥራ ነው። ንጋንጋ ሕመምን የሚያክም፣ የተሰወረን ነገር የሚያወጣ፣ ሙያውንም በሌላ ንጋንጋ ሥር ሆኖ የተማረ አዋቂ ነው። ቢሎንጎ የሚባለውን ድብልቅ የሚያዘጋጀው እርሱ ነው፤ በውስጡም ከመቃብር የተዘገነ አፈር፣ ከውኃ ዳር የሚወጣ ነጭ አፈር፣ ፍሬና ቅጠል፣ የአዳኝ ወፍ ጥፍር፣ የእባብ ራስና የመሳሰለው ይገባል። አንዱም ያለ ምክንያት አይጨመርም። የመቃብሩ አፈር ሙታንን ወደ ምስሉ ያመጣል፤ ነጩ አፈር የሙታን ዓለም ቀለም ነው፤ የወፉ ጥፍር ደግሞ ንኪሲው ጥፋተኛውን እንዴት አንቆ እንደሚይዝ ያሳያል። ድብልቁ በክፍተቱ ውስጥ ታጭቆ በሙጫ ይደፈናል። በመጨረሻም ባለቤቱ ምን እንደማይበላና ምን እንደማያደርግ ይነገረዋል፤ ደንቡን ከጣሰ የንኪሲው ኃይል ይከዳዋል ወይም በራሱ ላይ ይዞርበታል ተብሎ ይታመናል። ሙዚየሞች በምስሉ አጠገብ «ሠሪው ያልታወቀ» ብለው ሲጽፉ ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት ጠራቢውን ብቻ ነው፤ በኮንጎ ሰው ዓይን ግን ዋናው ሠሪ ንጋንጋው ነበር።

ምስማሩ የሚመታበት ለምንድን ነው?

ምስማርና ስለት የሚመታበት ንኮንዲ የሚባለው የንኪሲ ዓይነት ነው፤ ሥራውም አጥፊን እያደነ ማግኘት ነው። ሁለት ነጋዴዎች ሲዋዋሉ፣ ሁለት መንደሮች ጠብ አቁመው ሲታረቁ፣ ወይም ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው ሌባውን ማወቅ ሲያቅተው በንጋንጋው መሪነት ከምስሉ ፊት ይቀርባሉ። ጉዳዩ ጮክ ተብሎ ይነገራል፤ ውሉን የሚያፈርሰው ወገን ወይም ያልታወቀው ሌባ ምን እንዲደርስበት እንደሚፈለግ ለንኮንዲው በዝርዝር ይገለጽለታል፤ ከዚያም ብረቱ በእንጨቱ ላይ ይመታል። አንዳንድ ጊዜ መሐላ የሚገባው ሰው ብረቱ ከመመታቱ በፊት በምላሱ ይነካዋል፤ ምራቁ በብረቱ ላይ ስለሚቀር ንኮንዲው ቃሉን የሰጠው ማን እንደሆነ አይስተውም። በብዙ ምስማሮች አንገት ላይ ተቋጥሮ የሚታየው የጨርቅ ቁራጭ፣ ክር ወይም ጸጉርም ጉዳዩ የማን እንደሆነ እንዲታወስ የታሰረ ነው።

በዚህ ምክንያት ንኮንዲ የመንደሩ መዝገብ ቤት ነበር ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ መዝገቡን የሚያነብበው ጉዳዩ በቀረበበት ቀን የነበረ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ጠጋ ብሎ የሚመለከት ሰው ብረቶቹ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ያስተውላል። በአገሬው አንጥረኛ የተቀጠቀጠ ሰፊ ስለት፣ በአውሮፓ መርከብ የመጣ ባለአራት ማዕዘን ምስማርና ብሎን ጎን ለጎን ተተክለዋል፤ አንዳንዱ እስከ አንገቱ ሰጥሟል፣ አንዳንዱ ጫፉ ብቻ ነክሷል፤ ከሥራቸውም እንጨቱ በየጊዜው ተሰንጥቋል። በአንድ ቀን የተሠራ ጌጥ ሳይሆን በዓመታት ውስጥ የተከማቸ ጉዳይ መሆኑን የሚናገረው ይህ አለመመሳሰል ነው። ጠራቢው ያወጣው ቅርጽ ከብረቱ ሥር እየተሸፈነ ሲሄድ ምስሉ ይበልጥ ይከበራል፤ ብዙ ብረት ያለው ብዙ ጊዜ የተሳካለት ነውና።

በሩቅ ያለን ሰው ለመውጋት ነው የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ምስሉ የተጎጂው ምሳሌ አይደለም፤ ምስማሩም ወደ ማንም ሥጋ አይገባም። በፊልም የሚታየውን አሻንጉሊትን በመርፌ የመውጋት ነገር ከኮንጎ ንኮንዲ ጋር ማገናኘት መሠረት የለውም። እዚህ የሚመታው ብረት ንኮንዲውን ለመቀስቀስና ቃልን ለማሰር ነው።

ሆዱ ላይ ያለው መስታወት ምን ይሠራል?

በመጀመሪያ ደረጃ ቢሎንጎው እንዳይፈስ የሚዘጋ ክዳን ነው። ከዚህም ያልፋል። በኮንጎ እምነት ሕያዋንንና ሙታንን የሚለያቸው ውኃ ነው፤ ስለዚህ እንደ ውኃ ገጽ የሚያንጸባርቅ ነገር ሁሉ ወደ ወዲያኛው ዓለም የሚታይበት መስኮት ይሆናል። ንጋንጋው ክፋቱ ከየት እንደሚመጣ የሚያየው በዚህ መስታወት ነው፤ ወደ ምስሉ የቀረበ ሰው ደግሞ ራሱን በንኮንዲው ሆድ ውስጥ ያያል፤ የደበቀው ጥፋት ያለበትን ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያስጨንቀው መገመት አያዳግትም። ዓይኖቹም ከመስታወት ወይም ከነጭ ሸክላ ስባሪ የሚሠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። በአንዳንድ ምስሎች ላይ በመስታወቱ ፈንታ ትልቅ ዛጎል ይገኛል።

ማንጋካ የሚባለው ከሌሎቹ በምን ይለያል?

ማንጋካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከኮንጎ ወንዝ አፍ በስተ ሰሜን ባለው በሎአንጎ የአትላንቲክ ጠረፍና በቺሎአንጎ ወንዝ አካባቢ ይሠራ የነበረ፣ ከንኮንዲዎች ሁሉ እጅግ የሚፈራው ዓይነት ነው። ጊዜው የአትላንቲክ የባሪያ ንግድ ቀርቶ የዘንባባ ዘይት፣ የጎማና የዝሆን ጥርስ ንግድ የተስፋፋበት፣ የአውሮፓ ነጋዴዎች መጋዘን በጠረፉ ላይ የበዛበት፣ የቀድሞዎቹ ነገሥታት ሥልጣን ደግሞ የተዳከመበት ነበር። ውል በዛ፤ ውል የሚያስከብር ግን ጠፋ። ማንጋካ የቆመው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው፤ ግዙፍነቱም ከዚህ ይመጣል ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው።

ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው 118 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለት እጆቹን ወገቡ ላይ ጭኖ ደረቱን ወደ ፊት አዘንብሎ ይቆማል፤ ይህ በኮንጎ ሰው አቋቋም ተገዳዳሪን የመጋፈጥ ምልክት ነው። አናቱ ላይ ምፑ የሚባለውን የአለቆች ቆብ ደፍቷል፤ ዓይኑ ከነጭ ሴራሚክ፣ ብሌኑ ከብረት ነው፤ አገጩ ላይ በሙጫና በቢሎንጎ የተሠራ ጢም ነበረው፤ ከወገቡ በታች ደግሞ ከዕፅዋት ጭረት የተሠራ ጉርድ ይለብስ ነበር። ይኸው ሙዚየም በ2015 ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን ከተረፉት ሃያ ያህል ማንጋካዎች መካከል 15ቱን በአንድ አዳራሽ ውስጥ አቁሟቸው ነበር።

ሁሉም ንኪሲ የሰው ምስል ነው?

የለም፤ እንዲያውም አብዛኛው አልነበረም። ከረጢት፣ ማሰሮ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ በጨርቅ የታሰረ ጥቅል ሁሉ ንኪሲ ይሆናል። ሙዚየሞቹን የሞሉት የሰው ምስሎች መሆናቸው የሰብሳቢዎቹን ምርጫ ያሳያል እንጂ የኮንጎን ሕይወት አያሳይም። ከእንስሳት ውስጥ የታወቀው ኮዞ የሚባለው ባለሁለት ራስ ውሻ ነው፤ ውሻ አነፍናፊ አዳኝ ስለሆነና በመንደርና በዱር መካከል ስለሚመላለስ ሕያዋንንም ሙታንንም ያያል ተብሎ ይታሰባል። በአጠቃላይ ሚንኪሲ «የላይ» እና «የታች» ተብለው ይከፈላሉ፤ የላዮቹ ከሰማይ፣ ከመብረቅና ከአዳኝ ወፎች ጋር ተያይዘው ለቅጣትና ለጦርነት የሚጠሩ ሲሆኑ፣ የታቾቹ ከውኃና ከምድር ጋር ተያይዘው ይበልጡን ለፈውስና ለመውለድ ይጠራሉ። ንኮንዲ ከላዮቹ ወገን ነው።

ሌሎች የመካከለኛው አፍሪካ ሕዝቦችስ?

በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ደቡብ ምሥራቅ የሚኖሩት ሶንግዬዎች ከኮንጎዎቹ ጋር በአሳብ የሚቀራረብ ሥራ አላቸው፤ አናቱ ላይ ቀንድ የተተከለበት፣ ፊቱ በመዳብ ቅጠል የተለበጠ፣ ሆዱ በመድኃኒት የታጨቀ ምስል ነው፤ የመንደሩ ሁሉ የሆነው ትልቁ ዓይነት በእጅ ስለማይነካ ከክንዶቹ ጋር በሚታሰር ረጅም ዘንግ ይንቀሳቀሳል። በጋቦን፣ በካሜሩንና በኢኳቶሪያል ጊኒ የሚኖሩት ፋንጎች ምስል ግን ሥራው ሌላ ነው። የአባቶች የራስ ቅል በሚቀመጥበት ከቅርፊት የተሠራ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ዘብ ይጠብቃል፤ በዘንባባ ዘይት ደጋግሞ ስለሚታሽ ከመቶ ዓመት በኋላም በሙዚየም ውስጥ ዘይት የሚያልባቸው አሉ። የጋቦን ኮታዎች ተመሳሳዩን ዘበኛ በነሐስና በመዳብ ለብጠው ይሠሩታል። ፓሪስ ላይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሠዓሊያንን ያስደነቁት በአብዛኛው የጋቦን ሥራዎች ነበሩ፤ እነርሱ ያዩት ግን ቅርጹን ብቻ ነው።

ከኮንሶ ዋካ ጋር ይመሳሰላል?

ሁለቱም ከእንጨት ከመጠረባቸው በቀር ብዙ አይገናኙም። የኮንሶ ዋካ የታወቀ ሟችን፣ ሚስቶቹን፣ የገደላቸውን ጠላቶችና አራዊት እያስታወሰ በሜዳ ላይ የሚቆም መታሰቢያ ነው። ንኮንዲ ግን የማንም መታሰቢያ አይደለም፤ የሚሠራው ሊያስታውስ ሳይሆን ወደ ፊት ሊሠራ ነው። በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ተሰርቀው ወደ ውጭ ገበያ ወጥተዋል።

በሙዚየም ያሉት አብዛኞቹ ለምን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ያሉ ናቸው?

እርጥበትና ምስጥ እንጨት አያስቀምጡም። ከዚህ በላይ ግን የኮንጎ ንጉሥ ንዚንጋ ንኩዉ በ1491 ከተጠመቀ በኋላ፣ በተለይም ከ1509 ጀምሮ በነገሠው በልጁ በአፎንሶ ዘመን፣ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ተለቅመው ይቃጠሉ ነበር፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት ካፑቺን የተባሉት የካቶሊክ መነኮሳትም ይህንኑ ቀጥለዋል።

ወደ አውሮፓ የሄዱት እንዴት ነው?

መንገዱ አንድ አይደለም። አንዳንዶቹ ተሽጠዋል፤ ሌሎቹ ግን ንብረቱ የማን እንደሆነ እየታወቀ በጉልበት ተወስደዋል። በደንብ ከሚታወቁት ታሪኮች አንዱ በኮንጎ ወንዝ ዳር ያለችው የንግድ ወደብ የቦማ ነው። በ1878 የአውሮፓ ነጋዴዎች ከቦማ አለቆች ጋር በንግድ ክፍያ ተጋጭተው መንደሮቹን ሲያጠቁ፣ ቤልጅጋዊው ነጋዴ አሌክሳንደር ዴልኮሚዩን ኔ ኩኮ የሚባለውን አለቃ ንኮንዲ ማረከ። አለቃው ምስሉ እንዲመለስለት ጠየቀ፤ ዴልኮሚዩን እምቢ አለ፤ እንዲያውም ምስሉን እንደ መያዣ እንደቆጠረው ራሱ ጽፎታል። ምስሉ ዛሬ ብራሰልስ አጠገብ በቴርቩረን ሙዚየም ይገኛል፤ የአካባቢው ባህላዊ አለቃም ጥያቄውን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና አንሥቶታል። የመውሰዱ ምክንያት ሲታይ ነጋዴዎቹና የቅኝ ገዥ ሹማምንቱ ንኮንዲ የአካባቢው ሕግ መሆኑን በሚገባ ተረድተው ነበር ማለት ነው፤ «የአላዋቂ አሻንጉሊት» ነው ብለው ቢያምኑ ኖሮ ሊማርኩት ባልደከሙ።

ሚሲዮናውያንም አቃጥለዋል፣ ሰብስበዋልም። ከእነርሱ መካከል ስዊድናዊው ካርል ላማን ለየት ይላል፤ በ1910ዎቹ የኮንጎ ተወላጅ መምህራን ስለ እያንዳንዱ ንኪሲ የሚያውቁትን በራሳቸው ቋንቋ በኪኮንጎ እንዲጽፉ አድርጎ ከ400 በላይ ደብተሮች ተከማችተዋል። ስለ ቢሎንጎ፣ ስለ ጥሪና ስለ ደንብ ዛሬ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር ከእነዚህ ተወላጅ ጸሐፍት እጅ የመጣ ነው፤ ስማቸው ግን ከላማን ስም ያነሰ ይነሣል።

በሙዚየም የምናየው ምስል ሙሉ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ማንጋካዎቹ በኤክስሬይና በመሳሰሉት መሣሪያዎች ሲመረመሩ በብዙዎቹ ላይ የሆዱ፣ የአናቱና የጢሙ ክፍተት ባዶ ሆኖ ተገኝቷል። ምስሉ ለባዕድ ከመሰጠቱ በፊት ንጋንጋው ቢሎንጎውን አውጥቶ አስቀርቷል ማለት ነው። ሰብሳቢው ደስ ብሎት መርከብ ላይ የጫነው፣ ከባለቤቶቹ አንጻር፣ ሥራውን የጨረሰ እንጨት ነበር። በቃለ መጠይቅ ያልተገኘ መረጃ በዚህ መንገድ ከእንጨቱ ሆድ መገኘቱ ከጠቅላላው የምርምር ሥራ በጣም አስገራሚው ክፍል ይመስለናል።

ለአገራቸው የተመለሱ አሉ?

በመጠኑ አሉ። የያኔዋ ዛየር ፕሬዚዳንት ሞቡቱ በ1973 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጉዳዩን ካነሡ በኋላ ቤልጅግ ከ1976 እስከ 1982 ባለው ጊዜ 114 ዕቃዎችን መልሳለች፤ ከዚያ በኋላ በነበረው ሁከት ከኪንሻሳ ስብስብ ብዙ ዕቃ ተዘርፎ ወደ ገበያ ወጥቷል፤ ይህም ለረጅም ጊዜ ላለመመለስ ሰበብ ሆኖ ቀርቧል። በ2019 በደቡብ ኮሪያ ድጋፍ አዲስ ብሔራዊ ሙዚየም በኪንሻሳ ተከፈተ። በ2022 ቤልጅግ በቴርቩረን ያሉ 84 ሺህ ያህል ዕቃዎችን ዝርዝር ለኮንጎ መንግሥት አስረከበች፣ በዚያው ዓመትም በቅኝ ግዛት ዘመን የተወሰዱ ዕቃዎች ስለሚመለሱበት ሁኔታ ሕግ አወጣች። የመቅደላን ታቦታት ጉዳይ የሚከታተል ኢትዮጵያዊ ክርክሩን በሚገባ ያውቀዋል፤ «ማን ይጠብቀዋል?» የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ዘንድ የሚነሣው «የማን ነው?» የሚለው ከተመለሰ በኋላ ሳይሆን በፊት ነው።

በገበያ የሚሸጡትን እንዴት መለየት ይቻላል?

ለሽያጭ ተብሎ የተሠራው እጅግ ስለሚበዛ አስመስሎ የተሠራ ነው ብሎ መነሣት ይሻላል። ብረቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ዘመናዊ ምስማር ከሆኑ፣ በእኩል ጥልቀት ከተመቱ፣ እንጨቱም ከሥራቸው ካልተሰነጠቀ ምስሉ በአንድ ቀን የተሠራ ነው። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል፤ ከአገር የወጣበትን መንገድ የሚያሳይ ሰነድ የሌለውን መግዛት ዝርፊያውን ማስቀጠል ነው። በአሮጌ ስብስቦች ውስጥ የነበሩ የእንጨት ዕቃዎች ተባይ እንዳይበላቸው በአርሴኒክና በመሳሰሉት መርዞች ይረጩ ስለነበር በባዶ እጅ መንካትም ተገቢ አይደለም።

ንኪሲ ዛሬም ይሠራል?

እንደ ማንጋካ ያሉ ትልልቅ የሕዝብ ንኮንዲዎች ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኋላ አይሠሩም። ያጠፋቸው የቅኝ ግዛት አስተዳደር ብቻ አልነበረም፤ በ1921 በንካምባ መንደር መስበክ የጀመረው ሲሞን ኪምባንጉ ተከታዮቹ ሚንኪሲያቸውን እንዲጥሉ አዝዞ ብዙዎች በገዛ እጃቸው አቃጥለዋቸዋል። ቤልጅጎች ኪምባንጉን በዚያው ዓመት አሥረው በ1951 በእስር ቤት እስኪሞት ድረስ አልለቀቁትም፤ በስሙ የተመሠረተችው ቤተ ክርስቲያን ዛሬ በአገሩ ካሉት ትልልቆቹ አንዷ ናት። በአንጻሩ በባርነት ወደ ኩባ የተወሰዱ የኮንጎ ሰዎች ልጆች ፓሎ በሚባለው ሃይማኖት ውስጥ የመቃብር አፈር፣ የዱር እንጨትና ብረት በብረት ድስት አጭቀው እስከ ዛሬ ይሠራሉ። የተጠረበ ሰው የለበትም፤ ድስቱን የሚጠሩት ንጋንጋ ብለው ነው።